ቲነሩን አስቀምጡትና እንነጋገር

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ለወዳጁ የሚልከው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ በሦስት ሰዎች በኩል ደረሰኝ። አንዱ ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። "አያ፣ ይቺን እያት፣ ለአንተ የተጻፈች ናት" ብሎ ነው የላከልኝ። ለምን እንደዚያ እንዳለ በኋላ ይገባችኋል።

ጽሑፉ የመኪና ቀለም ላይ የተጣበቀ ጎማን፣ ሬንጅንና የመንገድ ቆሻሻን ስለማስለቀቅ ነው። ምክሩ ባጭሩ ይኸው፦ መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሙና ቆሻሻው እስኪላላ ጠብቁ። ሬንጁን በቤንዚን፣ ጎማውን በቲነር አስለቅቁ። እምቢ ካለ በሽቦ ስፖንጅ ወይም በምላጭ ፋቁት። በመጨረሻ ጣና ዳር ወስዳችሁ በዱቄት ሳሙና እጠቡት። ሰም መቀባት አያስፈልግም፣ አቧራ ይስባል። በግማሽ ሰዓት መኪናችሁ እንደ አዲስ ይሆናል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ደስ ይላል፣ ሰው ገንዘብ እንዲቆጥብ ማሰባቸውም ያስመሰግናቸዋል። ግን ከዚህ ምክር ግማሹን እኔ ገና ሳይጻፍ በራሴ ኮሮላ ላይ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ መልሴ ካነበብኩት ብቻ ሳይሆን ከኪሴም የወጣ ነው።

ከቅደም ተከተላቸው ልውጣና ከቲነሩ ልጀምር። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከደብረ ማርቆስ ፍራሽ ጭኜ መጣሁ። ፖርቶ መጋላ የለኝም። ፍራሹን ጣራው ላይ አድርጌ በሁለት የውስጥ ጎማ ቅዳጅ ጠፈርኩት። ያቺን ጥቁር የጎማ ገመድ የማያውቅ የለም፤ ብስክሌት ላይ አለች፣ ጋሪ ላይ አለች፣ የዶሮ ቅርጫት ላይ አለች። ቤት ስደርስ ፍራሹን አወረድኩና ጎማዎቹን እንደታሰሩ ተውኳቸው። ነገ ሌላ ዕቃ አመጣለሁ ብዬ ነው። ነገ ሳይመጣ ሦስት ቀን አለፈ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ፀሐይ ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በአራተኛው ቀን ላነሳቸው ስል ጣራው ላይ ተጣብቀዋል። ስስባቸው እንደ ማስቲካ ተጎተቱ፣ ተቀደዱ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። አንድ ጎረቤቴ "ቲነር አስነካው፣ ወዲያው ነው" አለኝ። አስነካሁት። እውነትም ወዲያው ነበር። ጎማው ለቀቀ፣ ከጎማው ጋር ነጩ ቀለም ለቀቀ። ጨርቄ ላይ እርጎ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ግራጫ መሠረት ቀለም አፈጠጠብኝ።

መኪናዬን ያዩልኝ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ብዙ አላወሩም። ጣታቸውን ምራቅ ነክተው ዳሩን አሹና "ይሄ የፋብሪካ ቀለም አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። የጽሑፉ ባለቤት የዘለሏትም እሷን ነው።

ፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለሙ ተረጭቶ ምድጃ ይገባል። የላይኛው ሽፋን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው የሚጋገረው። ሲጋገር ውስጡ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። እንደ ዳቦ አስቡት። ሊጥ በውኃ ይቀጥናል፣ የተጋገረ ዳቦ ግን ውኃ ብታፈሱበት ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ለዚህ ነው የፋብሪካ ቀለም ጥቂት ቲነር ለአጭር ጊዜ ቢነካው ብዙ ጊዜ የሚችለው። አገራችን ሲገባ የኖረው መኪና ግን አብዛኛው ያገለገለ ነው። ከገባ በኋላም ባትላሜራ ቤት ሳይረግጥ የሚኖር ጥቂት ነው። ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተሞልቶ፣ ተረጭቶ ይወጣል። ማጠንከሪያ ሳይገባበት አየር ላይ እንዲሁ የደረቀ ቀለም ደግሞ ከመጀመሪያው የተበጠበጠው በቲነር ነው። በቲነር የተበጠበጠ በቲነር ይመለሳል። ሊጡ ገና አልተጋገረማ!

"የእኔ መኪና የፋብሪካ ቀለም ነው" የምትሉም አትኩሩ። የዘመኑ መኪና ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ጸጉር 70 ገደማ ይሆናል። ውበቱን ሁሉ የተሸከመው ከጸጉራችሁ የሳሳ ነገር ነው። ቲነር ሲቆይበት ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ማንኛውንም አስለቃቂ ከመጠቀማችሁ በፊት ሞክሩ። "የነዳጅ መክደኛው ውስጥ ሞክሩ" የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መክደኛው የፋብሪካ ሆኖ ጣራው የጋራዥ ሊሆን ይችላል። የእኔ እንደዚያ ነበር። ቆሻሻው ያለበት በዚያው ብረት ላይ፣ የማይታይ ዳር ፈልጋችሁ በነጭ ጨርቅ ጫፍ ንኩት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ጽሑፉ ጎማን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ አልፏል። ቀለም ላይ የሚገኝ ጎማ ግን በዓይነት በዓይነቱ ነው።

አንዱ የባጃጅ ሰላምታ ነው። ገበያው አካባቢ ሁለት መኪና በማያሳልፍ ቦታ ባጃጅ ትሾልካለች። ጎማዋ በራችሁን ልሶ ያልፋል፣ ጥቁር መስመር ይቀራል። ባለመኪናው "ተጫረ!" ብሎ ይጮኻል። አንዳንዴ አልተጫረም። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ በስሱ አሳልፉ። ጥፍሩ ካልያዘ፣ ያለው ከላይ የተቀባ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። የጎማ ጥቀርሻና ዘይት ነው እንጂ ቁስል አይደለም። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ ወይም የምግብ ዘይት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ብታሹት ይሄዳል። ጥፍሩ ከያዘ ግን ጭረት ነው። ጭረትን የሚያስለቅቅ ፈሳሽ እስካሁን አልተፈጠረም። (የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያነብ "ባጃጅ ባጃጅ ትላለህ" ማለቱ አይቀርም። ይበል።)

ሌላው እንደኔ ጣራ የተጣበቀው ነው። ከጭነት መኪና ጎማ ተገንጥሎ የተለጠፈ ቁራጭም ከዚሁ ወገን ነው። የመኪና ጎማ ከድኝ ጋር የበሰለ ነገር ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ያገኘው ብልሃት ይኸው ነው። ከድኝ ጋር ስለበሰለ በፈሳሽ አይሟሟም። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ሲያገኘው ግን ይጠጣና ያብጣል፣ ሲያብጥ መያዣው ይላላል። እንግዲህ እናንተ የምትፈልጉት ማቅለጥ ሳይሆን ማሳበጥ ነው። ማሳበጥ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። እኔ የቀረውን ጎማ ያስለቀቅሁት በምግብ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ጭኜበት፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ እያንከባለልኩ ነው። የማይንከባለለውን በድሮ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ገፋሁት። ፕላስቲኩ ከቀለሙ ጋር አይጣላም። ሁለት ቀን ከሰዓት ፈጀብኝ። ስለ "ግማሽ ሰዓቱ" ሌላ አልናገርም።

ጎማው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ቡናማ ጥላ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ጎማ እንዳያረጅና እንዳይሰነጠቅ ተብሎ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። ያ ኬሚካል ጎማው ውስጥ አርፎ አይቀመጥም፤ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። የመኪናችሁ ጎማ ጎኑ ቡኒ ሲል አይታችሁ ይሆናል፣ እሱ ነው። ጎማው ቀለም ላይ ተጭኖ ፀሐይ ሲያገኘው ይህ ነገር ወደ ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ነጭ መኪና ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቲነርም ብታፈሱ፣ ቤንዚንም ብታፈሱ አይወጣም፤ ላይ አይደለማ፣ ውስጥ ነው። ከላይ ከላይ ከሆነ ፖሊሽ ያቀልለዋል። ከገባ ግን ወይ አብራችሁት ትኖራላችሁ ወይ ታስቀቡታላችሁ።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ግማሽ መንገድ እሸኛቸዋለሁ። ሬንጅና ቤንዚን የአንድ ድፍድፍ ነዳጅ ልጆች ናቸው። ዘመድ በዘመዱ ይለቃል። በውኃና በሳሙና ሬንጅ ለማስለቀቅ መታገል ከንቱ ነው፣ ያሉት ትክክል ነው።

ግን ከልጆቹ መካከል ለምን እብዱን መረጡ? ቤንዚን ጨርቁ ላይ ሳይቆይ ይተናል። ሬንጁ ሳይላላ ስለሚደርቅ እጃችሁ መፈተግ ይጀምራል። ቀለሙ የሚጎዳው ያኔ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ እሳቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። መኪና የሚታጠብበት ቦታ ደግሞ አጠገቡ ምን አለ? ቡና። ከሰል ምድጃ፣ ረከቦት፣ ዙሪያዋን የተቀመጠ ሰው። ወይም ሲጋራ ይዞ "በርታ!" የሚል ተመልካች። ሌላም ነገር አለ፣ ባጃጆች ለቤንዚን ሰልፍ በሚያድሩበት ከተማ በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን በር ላይ ማፍሰስ እንዴት አስቻላቸው?

ነጭ ጋዝ ያንኑ ሥራ በጨዋነት ይሠራል። ትነቱ እሳት ለመያዝ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከእሳት ማራቅ ግን እዚህም ግዴታ ነው። አሠራሩ ይኸው ነው። መኪናው ታጥቦ፣ ጥላ ሥር ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ጨርቅ ላይ ነጭ ጋዝ ትንሽ ይነካል። ጨርቁን ሬንጁ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። አትሹት፣ ያዙት። ጥቁሩ ወደ ቡኒ ፈስሶ ጨርቁ ሲጠጣው ታያላችሁ። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አንሱትና ጨርቁን ወደ ንጹሕ ገጹ እጠፉት። ሬንጅ የነካውን ገጽ መልሳችሁ ብትጠቀሙ ከበሩ ወደ በሩ ማዞር ነው። የበርና የመስኮት ጎማ ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፤ እሱንም ያሳብጠዋል። ሲያልቅ በሳሙና እጠቡት። ነጭ ጋዝ ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቅባቱ ደግሞ አቧራ ይጠራል። የጋራዥ ቀለም ላይ ከሆነ ከነጭ ጋዙ በፊት ያቺን የነጭ ጨርቅ ሙከራ አትርሱ። ናፍጣም ይሠራል፣ ግን ቅባቱ የበለጠ ነው፣ ሽታው ደግሞ ሳምንት ይከተላችኋል።

"ፀሐይ ላይ አቁሙት" የሚለው የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሬንጅ በሙቀት መላላቱ እውነት ነው። የላላ ሬንጅ ግን አይነሳም፣ ይቀባባል። ጠብታ የነበረው መዳፍ ያህላል። በዚያ ላይ ፀሐይ የዋለበት ኮፈን እጅ አያስነካም። የጋለ ብረት ላይ ነጭ ጋዝ ስታሳርፉ ያ 38 ዲግሪ ያልኳችሁ ዋስትና አለቀለት። ሳሙናውም ሳይታጠብ ይደርቅና ነጭ ምልክት ይተዋል። ጠዋት ወይም አመሻሽ፣ ጥላ። ባሕር ዳር ደግሞ ጥላ ሞልቷል። ዋርካ ሥር ብቻ አታቁሙ። ወፎቹ የሚጥሉት ኩስ ራሱን የቻለ መከራ ነው፤ ቀለም ይበላል፣ ባያችሁት ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።

ደረቅ ጨርቁ። ይቺ ምክር ከቲነሩ አታንስም። ልዩነቷ ጉዳቷ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። የቲነርን ጥፋት ወዲያው ታዩታላችሁ። የደረቅ ጨርቅን ጥፋት ግን በዓመቱ ነው። ጥቁር መኪና ያላችሁ ማታ የመንገድ መብራት ሥር ቁሙና ኮፈኑን እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ካያችሁ ያ የጨርቅ ሥራ ነው። ጨርቁ ራሱ ምንም አላደረገም። ጨርቁና ቀለሙ መሐል ያለችው ደቃቅ አሸዋ ናት ያረሰችው። አቧራ በደረቁ ስትጠርጉ መኪናችሁን በብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁት ነው፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት።

ባሕር ዳር ለቆ የሚወጣ ሰው የሚያመጣውን አስቡት። በዳንግላ በኩል ቀይ አፈር፣ በወረታ በኩል የፎገራ ጥቁር ዋልካ። ዋልካ ሲደርቅ ሸክላ ነው። ፓራፋንጎው ሥር የተጋገረውን በጥፍርም በእንጨትም አትፈንቅሉት። ውኃ አፍሱበትና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ራሱ ይወርዳል። ማጠብ የሚጀመረው ውኃ ከላይ ወደ ታች በማፍሰስ ነው፣ ሳትነኩ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያዙ፦ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ። የሁለተኛውን ባልዲ ታች ሲጨርሱ ማየት ነው። ያ ሁሉ አሸዋ ቀለማችሁ ላይ ሊዞር የነበረ ነው። አንድ ላቫጆ ቆሜ ሳይ፣ ልጁ ስፖንጁ ከእጁ ጭቃ ላይ ወደቀ። አነሳው፣ አንዴ ጨመቀው፣ ቀጥታ ወደ ኮፈኑ። "አንተ ልጅ!" ስለው "ጋሼ፣ ሳሙና አለው እኮ" አለኝ። ሳሙና አሸዋን አያቀልጥም።

በወረታ መንገድ አመሻሽ ላይ የሚለጠፈውን የትንኝ መዓት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሱት። አለቀ።

ሽቦ ስፖንጅና ምላጭ ላይ ጊዜ አላጠፋም። የሽቦ ስፖንጅ ቦታው ድስት ነው። ምላጭ መስታወት ላይ፣ በሳሙና ውኃ ረጥቦ፣ ተኝቶ ከሄደ ይሠራል። ቀለም ላይ አይሠራም።

አሁን ጣና። "ውኃው ነፃ ነው" ይላሉ ጸሐፊው። ለቀለሙ ብቻ እንኳ ብናስብ አያዋጣም። የዳሩ ውኃ በተለይ ክረምት ላይ ደለል ነው። ርብና ጉማራ የሚያመጡት አፈር መጨረሻው ሐይቁ ነው። ከዚያ በባልዲ ቀድታችሁ መኪና ስታሹ ያው አሸዋው ተመለሰ። ዱቄት ሳሙናውም ለልብስ የተሠራ ነው። ኃይለኛ ነው፣ ቀለሙ ላይ ያለችውን ሰም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ሳይሟሟ የቀረው ፍሬ ደግሞ ይጭራል። የመኪና ሻምፖ ባይገኝ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውኃ አቅጥኑ።

ከቀለሙ በላይ ግን ሐይቁ አለ። ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓሣ አጥማጁ ከዚያ ይበላል። ዓባይ እዚሁ ከተማችን ጫፍ ላይ ከሐይቁ ይወጣና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጢስ ዓባይ ይደርሳል። በመሐል ከብትም ሰውም ይጠጣዋል። ቤንዚን፣ ቲነርና የቀለጠ ሬንጅ የተቀላቀለበትን እጣቢ እዚያ መልቀቅ በምን ሒሳብ ነው "ነፃ" የሚሆነው? እምቦጩን ያመጣው የመኪና ሳሙና ነው አልልም። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ይበልጣል። ግን አረሙ የሚወደው ፎስፌት ሳሙናችን ውስጥም ሊኖር ይችላል። ቤታችሁ ወይም ፍሳሹ በሥርዓት በሚወገድበት ላቫጆ እጠቡ። ነጭ ጋዝ የነካውን ጨርቅ ውኃ ውስጥ አትጠቡት።

የቀረው ሰም ነው። "አቧራ ይስባል" ያሉት በደንብ ሳይወለወል የቀረ ሰም አይተው ይመስለኛል። እሱ ይጣበቃል፣ እውነት ነው። በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ የተወለወለ ሰም ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሬንጁና ጎማው ቀለሙን ሳይሆን ሰሙን ነው የሚይዙት። ስለዚህ ሲለቁ በቀላሉ ይለቃሉ። ለመኪና ሰም የታወቀው ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው። በዘንባባ ከተማ ስለምንኖር ለጠየቁኝ ሁሉ ልንገራችሁ፣ የእኛዎቹ ዘንባባዎች ያ ዓይነት አይደሉም፤ ቅጠላቸውን ተዉላቸው። ሰሙ ከሁለት ሦስት ወር በላይ ስለማይዘልቅ ከክረምት በፊት አንዴ፣ ከመስከረም በኋላ አንዴ ብትቀቡ አይከፋም።

እና "እንደ አዲስ" የሚለው ተስፋ። የእኔን ጣራ ሽማግሌው ቀለም ቀቢ መዳፍ የምታህለዋን ቦታ ብቻ ሞልተው ቀቡልኝ። በዘይትና በትዕግሥት ያስለቀቅሁት ቦታ ቀለሙ ደህና ነው። ቡናማው ጥላ ግን ቀርቷል፤ ፖሊሽ አቀለለው እንጂ አላጠፋውም። ጣራ ስለሆነ ከጎን የቆመ ሰው አያየውም። በቀደም ግን የአክስቴ ልጅ ፎቅ ላይ ካለ ቡና ቤት ቁልቁል እያየ ደወለልኝ።

"አያ፣ ጣራህ ላይ ባቡር ሄዶበታል እንዴ?"